«ነፋስ የሚለካ መሣሪያ ከፈለጉ»፦ አቤቱታው በጋዜጣ ወጥቶ የሽሙጥ መልስ ለመጣበት ሰው

በጋዜጣ ላወጣችሁት አቤቱታ መሥሪያ ቤቱ በሽሙጥ ከመለሰላችሁ አትናደዱ አልልም፤ ተናደዱ። ጋዜጣውን ግን አትቅደዱት። አብዛኛው አቤቱታ ታትሞ፣ ተነብቦ፣ በዚያው ይረሳል። የሽሙጥ መልስ ግን ወጪ የሆነበት ቁጥርና ቀን፣ ማኅተምና የኃላፊ ፊርማ ያለበት ሰነድ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከጨዋው መልስ ይልቅ ብዙ የሚናገር ሰነድ ነው እላለሁ። በ2004 ዓ.ም. ስለ ውሃ ቆጣሪዬ ላቀረብኩት አቤቱታ አንዱ ደርሶኝ ነበር። እንዴት እንዳነበብኩትና ምን እንዳስገኘልኝ ልንገራችሁ። የከተማዬን፣ የጋዜጣውንና የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ያኔ የነበሩት ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ጠባዩም የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው። ገቢ ደብዳቤ መዝግቤያለሁ፣ ፋይል አውጥቼያለሁ፣ ግልባጭ በትኛለሁ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ደብዳቤን ከላይ ወደ ታች አያነብም፤ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ግርጌው ላይ ግልባጭ ለማን እንደሆነ፣ ከዚያ ፊርማውን፣ በመጨረሻ ነው ጽሑፉን የሚያየው። ጡረታ ስወጣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝና ነገሩ ሁሉ ከዚያ መጣ።

ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው። ውሃ የሚደርሰን በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነበር። ሰው ሲተኛ ቧንቧውን ከፍቶ ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጣል፤ ውሃው ሲመጣ ባልዲውን እየመታ እንዲቀሰቅሰው። ከውሃው በፊት ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ያስላል፣ ከዚያ ዝገት የቀላቀለ ጠብታ ይተፋል። ፉጨቱ አንዳንድ ሌሊት ረጅም ነው። በአንዱ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ባትሪ ይዤ ወደ አጥሩ ጥግ ወጣሁና የቆጣሪውን ክዳን ከፈትኩ። ባልዲው ደረቅ ነበር። የቆጣሪው ቀይ መርፌ ግን ይሽከረከራል፤ ያውም ውሃ በሚወርድበት ጊዜ ከማየው ፍጥነት በልጦ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ማታ ቧንቧውን ስከፍትና የመጀመሪያው ውሃ ባልዲው ውስጥ ሲገባ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በልጄ የድሮ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። የመዝገብ ቤት አመል አይለቅም።

በዚያ ወር የመጣብኝ ሂሳብ የ14 ሜትር ኩብ ነበር። አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ጊዜ ሲሞላ ማለት ነው። ስለዚህ ሂሳቡ የ700 ጀሪካን ነው። ቤታችን ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን፣ የአትክልት ቦታ የለንም፣ በዚያው ወር ደግሞ ከባለ አህያ ጋሪ ውሃ ስገዛ ነበር። በክፍያው መስኮት የተቀመጠችውን ልጅ ጠየቅኳት። «ቆጣሪው ያነበበውን ይክፈሉ እንግዲህ፣ እትዬ» አለችኝ። ቆጣሪው ይመርመርልኝ ብላት እንዲህ ያለ አገልግሎት የለም አለችኝ። ማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥር ተቀበልኩ፣ ጠበቅኩ። መልስ የለም። ወደ ጋዜጣው የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ የሰፈሩን ቅሬታ በእድሩ ስምና በራሴ ስም ጽፌ፣ ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቁጥር ጠቅሼ።

መልሱ ከሳምንታት በኋላ በዚያው ዐምድ ላይ ወጣ። ዋናውን ክፍል እንዳለ ልገልብጠው፦

«ጸሐፊዋ ስለ ቆጣሪያቸው የደረሱትን ድርሰት በአድናቆት አንብበነዋል። ቆጣሪ የሚቆጥረው ውሃ እንጂ ነፋስ አለመሆኑን ልናስታውሳቸው እንወዳለን። ነፋስ የሚለካ መሣሪያ ከፈለጉ ወደ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ቢያመለክቱ የተሻለ ነው። በአካባቢው ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ሳይቋረጥ እየተሰራጨ ባለበት ሁኔታ፣ ከጓዳ ሥራ የተረፋቸውን ጊዜ ቆጣሪ ላይ አፍጥጠው ከሚያሳልፉ፣ ተመሳሳይ ቅሬታ ይዘው ለቀረቡ ሌሎች ነዋሪዎች የሰጠነውን ማብራሪያ ጠይቀው ቢረዱ የጋዜጣው ውድ ቦታ ባልተጣበበ ነበር። ቆጣሪዬ ታሞብኛል የሚል ደንበኛ ቢኖር የመመርመሪያ ክፍላችን ‹ሐኪሞች› ዘወትር ዝግጁ ናቸው። ከሰላምታ ጋር።»

ሳልዋሽ፣ የሚቲዎሮሎጂዋ አሳቀችኝ። የጓዳዋ አላሳቀችኝም። ልጄ ጋዜጣውን ይዞ ቤቱን ዞረው። እሑድ እድሩ ተሰብስቦ ጉዳዩ ሲነሣ ለቅሶ ቤት የማይናገሩት ሳይቀሩ ተናገሩ። አንድ ግጥም የሚዋጣለት ጎረቤታችን በስብሰባው መሐል በእድሩ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፎ አቀበለኝ፦

ውሃው ተሰውሮ ነፋስ ከመጣ፣
ሹሙንም በሊትር ለክተን እናውጣ።

ሰዉ አጨበጨበ፤ «ይህችን ላኪያት!» ተባልኩ። ግጥሟ ዛሬም ደብተሬ ውስጥ አለች፣ ጋዜጣው ዘንድ ግን አልደረሰችም። ያልላክኳት ከጨዋነት አይደለም። ግጥሟ ብትታተም ቀጣዩ መልስ ስለ ግጥሟ ነበር የሚሆነው። ሹሙ ተሰደበ ይባላል፣ የእድሩ ዳኛ ተጠርቶ ይጠየቃል፣ «ስም ማጥፋት» የሚል ቃል ከአንድ አፍ ይወጣል፤ ቆጣሪው ግን ሌሊት ሌሊት መዞሩን ይቀጥላል። ሽሙጥ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፦ ጨዋታው ከቁጥር ወጥቶ ወደ ቃላት እንዲገባለት። በቃላት ጨዋታ ደግሞ እሱ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ እናንተ በነጻ ነው የምትጫወቱት።

እዚህ ላይ መዝገብ ቤት ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና። በጋዜጣ አንድ አቤቱታ ሲወጣ ቅጂው ተቆርጦ ወደ ኃላፊው ይገባል። ኃላፊው ጥግ ላይ «መልስ ይሰጥበት» ብሎ ይመራዋል። ሕዝብ ግንኙነቱ ነገሩን ስለማያውቀው ለሚመለከተው የሥራ ክፍል ማብራሪያ እንዲሰጠው ይጽፋል። የሥራ ክፍሉ፣ ብዙ ጊዜ አንድ የተሰላቸ ባለሙያ፣ በግማሽ ገጽ ደረቅ ደረቁን ጽፎ ይልክለታል፦ ስርጭቱ እንዲህ ነው፣ ይህ ቅሬታ ከዚህ ቀደምም መጥቷል፣ ምርመራ እናደርጋለን። ሕዝብ ግንኙነቱ ውሃ የመልቀቅም ሆነ ቆጣሪ የመቀየር ሥልጣን የለውም። ያለው ብዕር ብቻ ነው። ስለዚህ ደረቁን ማብራሪያ ይወስድና አለቃው ሲያነብ ፈገግ እንዲል ያጣፍጠዋል።

እንዲህ ስለሚዘጋጅ የሽሙጥ መልስ ውስጥ ሁለት እጅ አለ፤ የቀለደው እጅና መረጃውን የሰጠው እጅ። የቀለደው ሰው ስለ ቀልዱ አጥብቆ ያስባል፣ መረጃውን ግን እንዳገኘው ያስገባዋል፤ አንዳንዴም ለቀልዱ መንጠላጠያ ይሁነው ብሎ የማያስፈልገውን ሁሉ ይጨምርበታል። ጨዋውን መልስ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ቃል ስለሚመዝን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገር ይጨርሳል፤ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ብሎ። ቀልደኛው ግን ያመልጠዋል።

እርሳስ አነሣሁና ሰው ላይ ያነጣጠረውን ሁሉ ሰረዝኩ። ድርሰቱ፣ አድናቆቱ፣ ሚቲዎሮሎጂው፣ ጓዳው፣ ውድ ቦታው፣ ሐኪሞቹ ሄዱ። የቀረው ይህ ነው፦ ውሃ የሚሰራጨው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ተመሳሳይ ቅሬታ ያላቸው ሌሎች ነዋሪዎች ቀርበዋል። የቆጣሪ መመርመሪያ ክፍል አለ።

እስቲ አስተውሉ። በራሱ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው የፈረቃ ማስታወቂያ በሳምንት ሦስት ሌሊት ይል ነበር። በክፍያው መስኮት ደግሞ ለእያንዳንዳችን የሚነገረን «እንዲህ ያለ ቅሬታ ያመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት» የሚል ነበር። ምርመራ የሚባል አገልግሎት እንደሌለ ለእኔ በቃል ተነግሮኛል። አሁን ሦስቱም በማኅተም ተገለበጡ። የቀረ አንድ አረፍተ ነገር አለ፣ እሱም «ቆጣሪ የሚቆጥረው ውሃ እንጂ ነፋስ አይደለም» የሚለው። ይህ ቀልድ ይመስላል እንጂ የቴክኒክ ማረጋገጫ ነው፤ ስህተት ሆኖ ከተገኘ መሥሪያ ቤቱ በፊርማው የሰጠው የተሳሳተ ማረጋገጫ ይሆናል። እርሳሱን መልሼ እሱን ከበብኩት።

ሽሙጥን በጅምላ እንደማልጠላ መናገር አለብኝ። የልጅነቴ ቤት ውስጥ አዲስ ዘመን ሲመጣ አባቴ መጀመሪያ የሚገልጠው የጳውሎስ ኞኞን «አንድ ጥያቄ አለኝ» ዐምድ ነበር። አንባቢ ይጽፋል፣ ጳውሎስ ባጭሩ ይመልሳል፣ ብዙ ጊዜም ጠያቂውን ቆንጠጥ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ሰው ግን አይቀየምም ነበር፤ እንዲያውም ለመቆንጠጥ ሲል የሚጽፍ ሳይኖር አይቀርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጳውሎስ የማንንም ውሃ አልዘጋም፣ የማንንም ፋይል ቆልፎ አልተቀመጠም። ቀልዱን ወድዶ የላከ ሰው ነው የሚቀለድበት፤ ሲጨርስም ጥያቄው ተመልሶለታል። አቤቱታ ላይ የሚቀልድ መሥሪያ ቤት ግን ቁልፉን በኪሱ ይዞ ነው የሚቀልደው። ልዩነቱን ለማየት የትኛውንም የሽሙጥ መልስ ውሰዱና ቀልዱን አውጡለት፤ ከሥሩ ለጥያቄው መልስ ካለ ጨዋታ ነው፣ ከሌለ ግን ማምለጫ ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ውሃ ሳይመጣ ቆጣሪው ለምን ይዞራል? ያ ሁሉ ቀለም ፈስሶ እሱ አልተመለሰም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ አጭር አደረግኩት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፦

«ጽሕፈት ቤቱ ለቅሬታችን በሰጠው የጽሑፍ መልስ ሦስት ነገሮችን ስላረጋገጠልን እናመሰግናለን። ይኸውም ውሃ የሚሰራጨው በሳምንት ሁለት ሌሊት መሆኑን፣ ይህንኑ ቅሬታ ሌሎች ነዋሪዎችም ማቅረባቸውን፣ የቆጣሪ መመርመሪያ ክፍል መኖሩንና ለደንበኞች ዝግጁ መሆኑን ነው። በዚሁ መሠረት ስማቸውና የቆጣሪ ቁጥራቸው በአባሪነት የተያያዘው ነዋሪዎች ምርመራ እንዲደረግላቸው ዛሬ አመልክተዋል። ቆጣሪ ነፋስ እንደማይቆጥር የተሰጠው ማረጋገጫም በምርመራው ወቅት በባለሙያ ተረጋግጦ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።»

ምስጋናው የምር ነው። የሚያነብ ሰው እንደፈለገ ይውሰደው፤ እኔ ግን የመስኮቷን ልጅ «የለም» በማኅተም የሻረልኝን ሰው አመስግኜዋለሁ። ስለ ጓዳው አንዲት ቃል አላነሣሁም። ያንን ለአንባቢ ተውኩት፤ የሚያነብ ሁሉ እናት አለው።

ደብዳቤውን ሁለት ቦታ ነው ያደረስኩት። አንዱን ለጋዜጣው፣ ሌላውን ከነአባሪው ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ገቢ አስደርጌ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በጋዜጣ የወጣ ብቻውን ፋይል ውስጥ የሚገባው አንድ ሰው ቆርጦ ካስገባው ነው፤ ገቢ የተደረገ ደብዳቤ ግን በማን እጅ እንዳለ ይታወቃል፣ የሚጠፋውም ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ግልባጩንም ለከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤትና ለእድሩ አደረግኩት። ለእድር ግልባጭ ማድረግ ሊያስቅ ይችላል፤ ነገር ግን ግርጌው ላይ «ለእድር» የሚል ሲያዩ ይህ ደብዳቤ እሑድ በሕዝብ ፊት እንደሚነበብ ይገባቸዋል።

የጋዜጣው አዘጋጅ መጀመሪያ ቅር አለው። ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪም ነው። «እትዬ፣ ይህ እኮ ቀዘቀዘ፤ እንደ እነሱ ትንሽ ቢያሽሟጥጧቸው አንባቢ ይወደው ነበር» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ጋዜጣ ጠብ ይሸጣል። ግን የእናንተና የጋዜጣው ፍላጎት እዚህ ላይ እንደሚለያይ እወቁ። እሱ የሚፈልገው ምልልሱ እንዲቀጥል ነው፣ እናንተ የምትፈልጉት እንዲያበቃ። ቦታ የለንም ቢባል እንኳ መውጫ አለ። በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 በጋዜጣ በወጣ ጽሑፍ ክብሩ የተነካ ሰው በዚያው ጋዜጣ ያለ ክፍያ መልስ የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግግ ነበር። የጓዳዋ አረፍተ ነገር ለዚህ ትበቃኝ ነበር። ለአዘጋጁ አዋጁን ጠቀስኩለት፣ ሳቀና አወጣው። የመገናኛ ብዙኃን ነገር ከ2013 ወዲህ የሚዳኘው በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስለሆነ ዛሬ የምትጽፉ ይኸኛውን ይዛችሁ ሂዱ። መብቱን ስትጠቀሙ ለተነካው ክብራችሁ ብቻ አታውሉት፤ ቦታው ከተገኘ ጥያቄያችሁን ድገሙበት።

ሕዝብ ግንኙነቱ ራሱ ደወለልኝ። ድምፁ ከጽሑፉ ይልቅ የልጅ ነው። «እትዬ፣ ነገሩን ወደ ጋዜጣ ሳይወስዱት እኛ ዘንድ ቢመጡ ኖሮ እኮ…» ብሎ ጀመረ። «መጥቼ ነበር፣ ልጄ፤ ማመልከቻዬ መዝገብ ቤታችሁ አለ፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥር ልስጥህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ይስጡኝ» አለ።

ምርመራው ተደረገ። ቆጣሪዬ ተፈትቶ ሄደ፣ በሚታወቅ መጠን ውሃ እያለፈበት ተፈተነ፣ ደኅና ነው ተባለ። ለአፍታ የተሸነፍኩ መሰለኝ። ያን ጊዜ ቆጣሪውን የመረመሩት ሽበታቸው የገፋ ባለሙያ መፍቻቸውን እየጠረጉ እንዲህ አሉ፦ «ቆጣሪው ደኅና ነው። ደኅና ስለሆነ ነው አየሩንም የሚቆጥረው። ውስጡ ያለችው ክንፍ የሚገፋት ውሃ ይሁን አየር ምኗም አይደለም፤ ከተገፋች ትዞራለች።» ሕዝብ ግንኙነቱ አብሮ ቆሞ ነበር። ምንም አላልኩትም። የባለሙያው ቃል በምርመራው ውጤት ላይ እንዲጻፍልኝ ብቻ ጠየቅኩ፤ ሰውየው በእጃቸው ጻፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፈረቃ ያለበት ሰፈር የሚኖር ሁሉ ይወቀው። ውሃው ሲቋረጥ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፣ አየር ይገባበታል። ውሃው ሲለቀቅ ያንን አየር ከፊቱ እየገፋ ይመጣል፤ አየሩ ደግሞ ወደ ዳገት ወደ ዳገቱ ይሰበሰባል። የተከፈተ ቧንቧ ወይም ባዶ ሮቶ ያገኘ እንደሆነ በቆጣሪው በኩል ይወጣል። እኛ ደግሞ እንንቃ ብለን ቧንቧውን ከፍተን ነው የምንተኛው። መፍትሔው ከሁለት ወገን ነው፦ መሥሪያ ቤቱ በመስመሩ ከፍታ ቦታዎች ላይ አየር ማስወጫ ቫልቭ ይተክላል፣ ነዋሪው ደግሞ ፉጨቱ እስኪያልፍ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘግቶ ይቆያል። ዳገቱ ራስ ላይ ቫልቩ ተተከለልን። ሂሳቡ ቀነሰ። እንደ እኔ ሌሊት የቆጣሪያቸውን ቁጥር ሲጽፉ ለነበሩ ቤቶች ያለፈው ሂሳብ በቀደሙት ወራት አማካይ ተስተካከለላቸው። ምንም ያልጻፉት ጎረቤቶቼ ግን አልተስተካከለላቸውም፤ ስለ እነሱ ደጋግሜ ብጽፍም «ማስረጃ አልቀረበም» ከሚል ሌላ መልስ አልመጣም። ያ መልስ ቀልድ አልነበረበትም፣ መያዣም አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች የሽሙጥ መልስ የደረሳቸውን ጋዜጣ ይዘውልኝ ይመጣሉ። መልሱን ከማየቴ በፊት የራሳቸውን ደብዳቤ ነው የምጠይቃቸው፤ ሽሙጡ የተንጠለጠለበት ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ነውና። «ከተማው በሙሉ አልቅሷል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ከተማው መሐረብ ያስፈልገው እንደሆነ ይጠየቃል። በተረት የጨረሰ በተረት ይመለስለታል፤ ተረት ደግሞ ለሁለቱም ወገን አይጠፋም። «ምስኪን ነዋሪ» ብሎ የፈረመ ሰው ምስኪንነቱ ይወራለታል እንጂ ቆጣሪው አይታይለትም። ኃላፊውን በስም የወረፈ ከሁሉ ይብሳል፤ መልሱን የሚያረቅቀው የዚያው ኃላፊ ሠራተኛ ነውና አለቃውን ሲከላከል ጥያቄውን ለማንሣት ጊዜ አይተርፈውም። ቀንና ቁጥር ብቻ ባለበት ደብዳቤ ላይ መቀለድ ከባድ ነው። የእኔ ደብዳቤ «ቧንቧው እያፏጨ ያሾፍብናል» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ነበረው፤ ነፋሱና ሚቲዎሮሎጂው ከዚያች ነው የተወለዱት። አልጸጸትባትም፣ መልሱን ያመጣችልኝ እሷ ናትና።

መልሱን ያዩ ሰዎች ምክር ሲሰጧችሁ ተጠንቀቁ። በእናንተ ስም የሚናደድ ሰው ብዙ ነው፤ ስሙን አባሪው ላይ የሚያስገባ ግን ጥቂት ነው። በእድሩ ስብሰባ ካጨበጨቡት መሐል ለምርመራው የፈረሙት ግማሽ አይሞሉም። ግጥም የጻፈው ጎረቤታችን ፈርሟል፤ ይህን ልመስክርለት።

መልሱ ከተሰረዘ በኋላ ምንም የማይቀርበት ጊዜም አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽሙጥ ብቻ የሆነ አጋጥሞኛል። ያን ጊዜ በጋዜጣ መመላለሱን ተዉት። መረጃውን በቀጥታ ጠይቁ፦ የፈረቃው ሰሌዳ ቅጂ፣ የመመርመሪያው አሠራር፣ የምትፈልጉት ምንም ይሁን። አዋጅ 590/2000 በመረጃ ነፃነት ክፍሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጥያቄያችሁ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ቢከለክላችሁ ወይም ዝም ቢላችሁ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው ለአስተዳደር በደል ነው፣ አገልግሎቱም ክፍያ የለውም። ወደዚያ ስትሄዱ የሽሙጡን መልስ ይዛችሁ ሂዱ። ስለ ክብር ብዙ መናገር አያስፈልጋችሁም፤ ተጠይቆ ያልመለሰ መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል ገጹ ራሱ ያሳያል።

ጋዜጣውን ስታስቀምጡ ደግሞ ዐምዱን ብቻ በመቀስ አትቁረጡት። ቀኑና የእትሙ ቁጥር ያለው ከገጹ አናት ላይ ነው፤ ያለ እሱ የማን፣ የመቼ መሆኑ የማይታወቅ ብጣሽ ወረቀት ይሆንባችኋል። ሁለት ቅጂ ግዙ። አንዱ እንደ ታተመ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ለእርሳሱ ነው።